በእንሶስላ የሳልኩት ረሃብ

መጀመሪያ የሳልኩት ወንድ ወፍራም ነበር። የመጨረሻውም እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወንድ ስዬ አላውቅም፣ ቢለምኑኝም አልስልም። የእኔ ሥራ የሴት እጅና እግር ነው። በዚያን ዘመን መካነ ሰላም ውስጥ ሙሽራ እንሶስላ ልትሞቅ ስትል የሚጠሩት አክስቴን ነበር፤ አክስቴን ወገቧን ሲያማት ደግሞ እኔን። ወገቧን የሚያማት የሠርጉ ቤት ሩቅ ሲሆን ብቻ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አክስቴ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። ሌላዋ ሴት የእንሶስላውን ሥር ትወቅጥና እጅ ላይ መርጋ፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ "በይ ተኚ" ትላለች። ሲነጋ እጁ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው፣ በቃ። አክስቴ ይሄን "ቤት መለሰን" ትለው ነበር። እሷ መጀመሪያ ጣቶቹን በጥጥ ፈትል ታስራለች፤ ፈትሉ የሸፈነው ቦታ ቀለም ስለማያገኘው ሙሽራዋ በየጣቷ ነጭ ቀለበት አድርጋ ትነሳለች። መዳፉ ላይ ደግሞ በስንደዶ ጫፍ ነጥብ በነጥብ እየጣለች አበባ ታወጣበታለች። ጠቆር እንዲል የምትፈልገውን ቦታ ብዙ ሰዓት ታቆየዋለች፣ ፈካ እንዲል የምትፈልገውን ቶሎ ታነሳዋለች። እኔ ደግሞ ከሷ ብሼ ቁጭ! ሰው ሰላም ሲለኝ ፊቱን ትቼ እጁን ነበር የማየው። አንዳንዱ ሰው "ይቺ ልጅ ቀለበቴን ልትሰርቅ ነው እንዴ" ብሎ እጁን ይሰበስብ ነበር።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። ስለሱ ብዙ አላወራም፤ ያየ ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርግ የሚባል አልነበረም። ከቆላ የወጣው ሰው በከተማችን በኩል ሲያልፍ እኔና አክስቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቁጭ ብለን ንፍሮና ውሃ እናድል ነበር፤ ንፍሮው ሲያልቅ ውሃ ብቻ። እጄ ሥራ ፈታ፣ ዓይኔ ግን ሥራ አልፈታም። የሰው አካል ሲርበው ምን እንደሚሆን ሳልፈልግ ተማርኩት።

ዝናቡም ተመለሰ። ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ላራሹ ታወጀ፣ ለእኔ ደግሞ እጮኛ መጣልኝ። በእኛ ቤት ትልቁ ዜና የመጨረሻው ነበር። ልጁ ወደ ዓባይ ቁልቁል ከሚወርደው ገጠር ነው፤ ለአክስቴ ከወንዝ ዳር እንሶስላ እየነቀለ የሚያመጣላት እሱ ነበር። ሌላው ሰው ክብደት እንዲጨምርለት ከነአፈሩ ያመጣል። እሱ ሥሩን ሳይሰብር፣ በወንዝ ውሃ አጥቦ፣ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ ያመጣል። ሥር እንዲህ አድርጎ የሚይዝ ወንድ ሚስት እንዴት ይይዝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ምን ላድርግ፣ አሰብኩ! እሱም ለካ ሥሩን ያን ያህል የሚያጥበው ለአክስቴ ብሎ አልነበረም። ሽማግሌ ተላከ፣ ቃል ተገባ፣ እናቱ ጥበብ ነጠላ ላኩልኝ፤ ሠርጉ ለጥር ተቀጠረ።

እናቱን ግን እፈራቸው ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቤታቸውን ብቻቸውን ያቆሙ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየኋቸው። ያኔም ከላይ እስከ ታች አይተውኝ "ደህና" ብለው ሄዱ። "ደህና" ማለታቸው ደህና ነች ይሁን ደህና ሁኚ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በዚያው ሰሞን ዘማች ተማሪዎች በወረኢሉ በኩል በጭነት መኪና ተጭነው መጡ። ማንበብ ያስተምራሉ፣ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ይዘፍናሉ። አለቃቸው ቀጭን መነጽራም ልጅ ነበር፤ በገበያ ቀን ለገጠሩ ሕዝብ ድራማ እናሳይ አለ። አንድ ባላባት አለ፣ አንድ የተራበ ገበሬ አለ። ገበሬው እህል ይለምናል፣ ባላባቱ ይከለክለዋል፣ ገበሬው ይሞታል። እንግዲህ ባላባቱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ገበሬው አፈር ላይ ይወድቃል። እናም ሁሉም ባላባት መሆን ፈለገ። አብዮተኞች! ዕጣ ሲወጣ ረሃብተኛ መሆኑ፣ አዲስ አበባ እናቱ በቅቤ ላሳደገችው፣ ጉንጩ ዳቦ ለመሰለ ልጅ ደረሰው።

ልጁ መልካም ልጅ ነበር፣ አልጠላውም። ጎድን እንዲያስመስል ደረቱን በከሰልና በአመድ ቀቡት፤ ፀሐይ ላይ ሲቆም ላቡ ወረደና ጎድኖቹ እምብርቱ ላይ ተጠራቀሙ። ያን ጊዜ ነው መነጽራሙ የአክስቴን ቤት ደጃፍ የመታው።

"እናንተ ዘንድ ውሃ የማያነሳው ቀለም አለ አሉኝ።"

"አለ። ግን የሴት ነው" አለች አክስቴ።

"ሼኮቹ ጢማቸውን ሂና ይቀቡ የለም እንዴ?"

"ሼኮቹ ሱሪያቸውን ታጥቀው፣ ሸሚዛቸውን ለብሰው ነው የሚቀቡት፣ የኔ ልጅ።"

እኔ ግን እጄ በልቶኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሥራ የፈታ እጅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። አክስቴን ለምኜ፣ ለምኜ፣ እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ እንድትጠብቀኝ ተስማማን። ሐሙስ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄድን። ልጁ ሸሚዙን አውልቆ ሁለት ዴስክ ላይ በጀርባው ተጋደመ። አክስቴ እንዝርቷን ይዛ ከራስጌው ተቀመጠች።

መነጽራሙ ከሳይንስ መጽሐፍ የገለበጠውን የጎድን ሥዕል ሰጠኝ። አየሁትና መለስኩለት።

"ረሃብ ከጎድን አይጀምርም" አልኩት።

"ከየት ነው ታዲያ?"

"ከዚህ።" ከአንገቱ ግርጌ፣ ከትከሻው አጥንት በላይ ያለውን ጎድጎድ ያለ ቦታ በስንደዶዬ ነካሁት። "መጀመሪያ እዚህ ውሃ የሚቋጥር ጉድጓድ ይሆናል። ከዚያ ጉንጩ ይሰረጉዳል። ጎድን የሚመጣው በኋላ ነው። ሆዱ ደግሞ እንደ መጽሐፉ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ይነፋል። ለዚህ ልጅ ሆዱን እንዳለ እንተወው፣ እሱ ተሳክቶለታል።"

ልጁ ሳቀ፤ ሲስቅ ሆዱ ዘለለ፣ እኔም ሳቅሁ። መነጽራሙ ግን አልሳቀም፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና "እንዳወቅሽ አድርጊው" ብሎኝ ወጣ።

እንዳወቅኩ አደረግሁት። አክስቴ ለጣት የምታስረውን ፈትል እኔ ወፈር አድርጌ ፈትዬ ደረቱ ላይ እንደ ጎድን እያጎበጥኩ አስቀመጥሁት፤ አጥንቱ ነጭ ሆኖ እንዲቀር። በየመካከሉ እንሶስላውን ሞላሁ። ጥልቅ መምሰል ያለበትን ቦታ አወፍሬ፣ ወደ ዳር ሲሄድ እያሳሳሁ። ችግሩ ልጁን ይኮረኩረዋል። ስንደዶዬ ብብቱ አጠገብ በደረሰች ቁጥር ይንፈራገጣል፣ ፈትሉ ይሸሻል፣ እንደገና እጀምራለሁ። አንዱ ጎድኑማ የት እንዳለ ጨርሶ ጠፋኝ።

"ጫን ብለሽ ፈልጊው እንጂ! ይኖረዋል፣ እግዜር ሲፈጥረው አጉድሎበት ነው?" አለች አክስቴ።

ጫን ብዬ ፈለግሁት። ልክ ያን ጊዜ በመስኮቱ በኩል ውሃ ቀድተው የሚያልፉ ሁለት ሴቶች እንስራቸውን እንደተሸከሙ ቆመው አዩኝ። ታጭታ ሠርግ የምትጠብቅ ልጅ እርቃኑን የተጋደመ ወንድ ደረት ላይ ጣቷን ተክላ! አክስቴን አላዩዋትም፤ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? እኔ የጉሎ ቅጠሉን ደረቱ ላይ ደርቤ ሳልጨርስ ወሬው ወንዝ ተሻግሯል። ልጁማ እስከ ማታ ድረስ አንኮራፍቶ ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት እጮኛዬ ከገበያተኛው ሁሉ ቀድሞ አህያውን እየነዳ መጣ። ሰላም እንኳ ሳይለኝ "እውነት ነው?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ወንድ መንካትሽ።"

"እኔ የነካሁት ሥዕል ነው!"

"ከሥዕሉ ሥር ሰው አለ አይደል?" ብሎ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ፊቱ አመድ መስሏል። "እናቴ ከኋላዬ እየመጡ ነው። ነጠላውን ተቀብዬ ነገሩን እዚሁ ላብቃ ብለው ነው የወጡት። ስሚኝ፣ እናቴ በዓይናቸው ያላዩትን አያምኑም። አላደረግሁም በያቸው። እጅሽን ብቻ ደብቂው፣ እስከ ጥር ይለቃል።"

እጄን አየሁት። እስከ አንጓዬ ድረስ ቀይ ነው። ከዚህ ልጅ ጋር ያሰብኩት ኑሮ ሁሉ አሥር ጣት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ከዚያ እጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ፤ ምክንያቱም ሥራዬን ሳላይ አልቀርም። እንዲህ ነኝ፣ ምን ይደረግ።

በርሜል ላይ ሳንቃ ደርድረው መድረክ ሠርተዋል፤ መጋረጃው የወታደር ብርድ ልብስ ነው። እኔና አክስቴ ከመጋረጃው ጀርባ በቀዳዳ እናያለን። ሜዳው በገበያተኛ ግጥም ብሏል። ከፊት፣ ጥላ ሥር፣ የእጮኛዬ እናት ቋጠሯቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ድራማ የሚባል ነገር በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። ሰዉም አብዛኛው እንደሳቸው ነበር፤ የከተማው ልጅ ግን አጥር ላይ ተንጠልጥሎ እንደ አዋቂ ያፏጫል።

ወፍራሙ ልጅ ጋቢውን ጥሎ ሲወጣ ሜዳው ጸጥ አለ። እንሶስላው በሁለት ቀን ጠቁሮ፣ ጠልቆ ነበር፤ የሳልኩት እኔ ራሴ እንኳ ቀለም መሆኑን ረሳሁ። የአንገቱ ጉድጓድ ውሃ ይቋጥራል። ጎድኖቹ ይቆጠራሉ። ባላባቱ ሸሚዙ ውስጥ ትራስ ከቶ ወንበሩ ላይ ተንደላቅቋል። "እህል የለኝም፣ ሂድ!" አለ። ልጁ በጉልበቱ ወደቀ፣ ከዚያ በጎኑ ወደቀ፣ መሞት ጀመረ።

ይሄኔ የእጮኛዬ እናት ተነሡ። በበርሜሎቹ መሐል አልፈው መድረኩ ላይ ወጡ። ቋጠሯቸውን ፈትተው የገብስ ቂጣ አወጡና ከልጁ ራስ አጠገብ ተንበርክከው ቆርሰው አጎረሱት።

"አብሽር ልጄ፣ አብሽር። ቀስ እያልህ ዋጥ።"

ልጁ መሞት ነበረበት። ግን ያ ልጅ ቂጣ ሲያይ የሚሞት ልጅ አይደለም፤ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ፣ ሁለተኛውንም ጎረሰ። መነጽራሙ ከጥግ "ሙት እንጂ! ሙት!" ብሎ ጮኸ። ከተማው በሳቅ ፈነዳ።

እናት ቀና አሉ። "ምን ያስቃችኋል?"

"እማማ፣ ቀለም ነው! የተቀባ ነው!" አለ ከአጥሩ ላይ አንዱ።

የነጠላቸውን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው የልጁን ደረት ፈተጉት። እንሶስላ ነውና ምንም አልለቀቀም። ነጠላቸውን ገልብጠው አዩት፤ ነጭ ነው። እንደገና ፈተጉት። ከዚያ ተነሥተው ወደ ባላባቱ ዞሩና "አንተ ሆዳም! ይሄ ልጅ እየሞተ ነው፣ አንተ ትቀመጣለህ?" ብለው በከዘራቸው ትራሱን መቱት። ሳቁ ባሰ። የገጠሩም ሰው ነገሩ እየገባው ሲሄድ መሳቅ ጀመረ። እሳቸው ብቻ ከመድረኩ መሐል ቆመው፣ ማን እንደሚስቅባቸው እየፈለጉ ግራ ቀኙን ያያሉ። 

አክስቴ ቀሚሴን ያዘችኝ። "ዝም በይ! አንቺን ማን አየሽ? ትንሽ ቆይተው ይገባቸዋል።"

እውነቷን ነበር። ትንሽ ብቆይ ነገሩ ያልፋል፣ እጄም አይታይም፣ ጥርም ይመጣል። ግን እኚህ ሴት ቂጣቸውን ሰጥተው ነው የሚሳቅባቸው፤ ያስሳቀባቸው ደግሞ የእኔ ቀለም ነው።  ብርድ ልብሱን ገልጬ ወጣሁ።

"እማማ፣ እኔ ነኝ የሳልኩት።"

አዩኝ፤ አወቁኝ። ነጠላዬን ከእጄ ላይ ጣልሁትና አሥሩንም ጣቴን አሳየኋቸው።

"በእንሶስላ ነው፣ ለዚህ ነው የማይለቀው። ልጁ ጠግቦ ያደረ ነው፤ እርስዎ አልተሳሳቱም፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩዎ።"

"አዎ እማማ፣ ጠግቤ ነው ያደርኩት" አለ ልጁ፣ ቂጣው አፉ ውስጥ እንዳለ።

ሳቁ ቆመ። እናት እጄን አዩ፣ የልጁን አንገት አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ።  ቋጠሯቸውን አንሥተው፣ ሕዝቡ መንገድ ሲከፍትላቸው በመሐል ሄዱ። ነጠላውን እንኳ አልጠየቁኝም። ልጃቸው አህያውን ጎትቶ ሲከተላቸው አንዴ ብቻ ዞሮ አየኝ።

ያ ሳምንት እንዴት አለፈ አትበሉኝ። እህል አልበላ አለኝ። ያን ሳምንት ያሳቀኝ ነገር ቢኖር ያው ወፍራሙ ልጅ ነው። ደረቱን በሳሙና፣ በአሸዋ፣ በሎሚ ፈተገው፤ ወይ ፍንክች! ጉድጓድ ለመቆፈር ገጠር ወርዶ ሸሚዙን ሲያወልቅ ያየው ገበሬ ሁሉ "ወይኔ የሰው ልጅ!" እያለ ቤቱ አስገብቶ ያበላዋል። ቀለም ነው ቢላቸው ማን ይሰማዋል? አንዱ ቤት እርጎ፣ አንዱ ቤት ጭኮ። ጎድኖቹ ላዩ ላይ እንዳሉ ሱሪው አልቆለፍ አለው።

በሳምንቱ ቅዳሜ የእጮኛዬ እናት ቤታችን መጡ። ልጃቸው ደጅ ቀረ። አክስቴ መደብ ላይ አጎዛ አነጠፈችላቸው፤ እኔ ነጠላውን አጥፌ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነበር፣ ሳይጠይቁኝ ልመልስ ብዬ። ስዘረጋላቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

"ያን የአንገቱን ጉድጓድ ማን አሳየሽ?" አሉኝ።

"ማንም አላሳየኝም። በክፉው ቀን አይቼ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር።"

እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

"ትንሹ ልጄ ልክ እንደዚያ ነበር" አሉ። "የመጨረሻዋን ሌሊት እዚያ ጉድጓዱ ላይ ትንፋሹ ሲመታ እያየሁ ነው ያደርኩት። ሰው በደጃችን ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር። አልቀየምኩም፤ ማን ችሎ ያያል? ግን ልጄን ያየው የለም፣ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። አንች አይተሻል። እሱን ባይሆን መሰሉን አይተሻል። ፊትሽን አላዞርሽም።"

አክስቴ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። 

በአገራችን ልጅ የቀበረች እናት እንሶስላ አትሞቅም፤ ማንም አይከለክላትም፣ ራሷ እጇን ታስቀራለች። እሳቸው ሁለቱንም እጃቸውን ከነጠላቸው አውጥተው ጭኔ ላይ፣ ጥበቡ ላይ አስቀመጡት። ተሰነጣጥቆ፣ ደርቆ፣ ቀለም ካየ ብዙ ቀን የሆነው እጅ ነው።

"ለሠርጉ እኔንም ታሞቂኛለሽ" አሉ።

እሺ አልኳቸውና፣ የአክስቴን ፈትል አንሥቼ የጣታቸውን ልክ ወሰድኩ።